ዳታው አለ፣ ኩዌሪዬ ግን ዜሮ ረድፍ ይላል

ጥያቄው፦ «ሰላም። የሕንፃ መሣሪያ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። የሽያጭ ሶፍትዌራችን ዳታውን የሚያስቀምጠው ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባል የዳታቤዝ ፕሮግራም ነው። ሥራ አስኪያጃችን ሁለት ነገር አዘዙኝ። አንደኛ፣ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ኃይለማርያም ለሚባል ደንበኛ የተሸጠውን በሙሉ። ሁለተኛ፣ በሰኔ ወር ምንም ያልገዙ ደንበኞችን ዝርዝር። ለሁለቱም ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ጻፍኩ፤ ከዚህ ጋር ልኬያቸዋለሁ። ሁለቱም ዜሮ ረድፍ ይላሉ። የስህተት መልዕክት የለም። ሶፍትዌሩን ስከፍት ግን ደንበኛውም ደረሰኙም ቁልጭ ብለው ይታዩኛል። ዳታቤዙ ተበላሽቶ ይሆን? እንደገና ልጫነው?»

እህቴ፣ እባክሽ ምንም ነገር እንደገና አትጫኚ። ዳታቤዝ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ጸጥ አይልም። ቀይ ጽሑፍ ያወጣል፣ ሶፍትዌሩም አልከፈትም ሊል ይችላል። ያንቺ ሰርቨር ጤነኛ ነው። ጠየቅሽው፣ «እንዲህ ያለ ረድፍ የለኝም» ብሎ መለሰልሽ። ክፍተቱ ያለው አንቺ በልብሽ በያዝሽው ጥያቄና እሱ ባነበበው ጥያቄ መካከል ነው።

ነገሩን አክብጄ የማየው በምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ መድኃኒት አከፋፋይ ዘንድ እሠራ ነበር። በ90 ቀን ውስጥ ጊዜያቸው የሚያልፍባቸውን መድኃኒቶች የሚያወጣ ሪፖርት ነበረን። ለሳምንታት ባዶ ወጣ። መጋዘኑም «ተመስገን፣ የሚያልፍበት የለም» ብሎ ተቀመጠ። አንዲት ፋርማሲስት መደርደሪያ ላይ ካርቶን ስታገላብጥ ነው ነገሩ የታወቀው። መድኃኒቱ እዚያው ነበር፤ ያላየው ኩዌሪው ነው። ስህተት ብሎ የሚጮህ ሪፖርት ማንንም አያሳስትም። ባዶ ሪፖርት ግን የምሥራች ይመስላል። አንቺ ዜሮውን አይተሽ «አላምንም» ማለትሽ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ኩዌሪውን ከመነካካትሽ በፊት አንድ ነገር አረጋግጪ፦ የትኛው ዳታቤዝ ውስጥ ነሽ? ብዙ ድርጅት ውስጥ ከዋናው ሌላ የሙከራ ኮፒ አለ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲጀምር ደግሞ አንዳንድ ሶፍትዌሮች ለአዲሱ ዓመት አዲስ ዳታቤዝ ይከፍታሉ። ያኔ ሰኔ ያለው አሮጌው ውስጥ ነው፤ አንቺ የምትጠይቂው አዲሱን ይሆናል። «ዲቢ ኔም» በሚለው ፈንክሽን ያለሽበትን ዳታቤዝ ስም ጠይቂ። ከዚያ የሽያጭ ሠንጠረዡን የመጨረሻ ቀን በ«ማክስ» አውጪ። ቀኑ ከሶፍትዌሩ ጋር ከገጠመ ትክክለኛው ቤት ገብተሻል። ሌላው የፈቃድ ጉዳይ ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ አንድ ተጠቃሚ የራሱን ቅርንጫፍ ረድፎች ብቻ እንዲያይ ማድረግ ይቻላል። እንዲህ ያለ ገደብ ሲኖር ሰርቨሩ «ተከልክለሻል» አይልም። ረድፎቹን ዝም ብሎ ይደብቃል። የዳታቤዝ ኃላፊያችሁን ጠይቂ።

ይህ ካለቀ በኋላ ኩዌሪውን ገፈሽ ራቁቱን አስቀሪው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና አንዴ ቀኑን፣ አንዴ ስሙን እያቀያየረ ቀኑን ሙሉ ይውላል። እንደዚያ አታድርጊ። ስሙንም፣ ቀኑንም፣ ማገናኛውንም ከኩዌሪው አንሺና የሽያጩን ሠንጠረዥ ብቻ በ«ካውንት» ቁጠሪ። 48,000 አለሽ እንበል። ከደንበኛ ሠንጠረዡ ጋር አገናኚና ቁጠሪ። ስሙን ጨምሪና ቁጠሪ። ቀኑን ጨምሪና ቁጠሪ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፊው። ቁጥሩ ዜሮ የሆነበት መስመር ጥፋተኛው ነው። ደግሞ ዜሮውን ብቻ አትጠብቂ። ከ48,000 ወደ 31,000 ድንገት ከወረደም አንድ ነገር ጠፍቷል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ኩዌሪሽ ሦስት ነገር ያደርጋል። ሽያጭንና ደንበኛን በቲን ቁጥር ያገናኛል። ስሙ 'ኃይለማርያም' እንዲሆን ይጠይቃል። ቀኑ = '2025-07-07' እንዲሆን ይጠይቃል። ሰኔ 30 ቀን 2017 በፈረንጅ ጁላይ 7 ቀን 2025 ነው፣ ልወጣሽ ልክ ነው። ግን ሦስቱም ቦታ ላይ ጉድጓድ አለ። ከስሙ ልጀምር፤ የእኛ አገር ሰው ደጋግሞ የሚወድቅበት እሱ ነው።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ብቻውን ሲጻፍ፣ ሰርቨሩ በዳታቤዙ የድሮ የፊደል ገበታ ያነበዋል። ያ ገበታ አብዛኛውን ጊዜ የላቲን ነው፤ ግዕዝ የለበትም። የማያውቀውን ፊደል ሁሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጠዋል። ስለዚህ አንቺ 'ኃይለማርያም' ስትዪ እሱ የፈለገው '???????' የሚባል ሰው ነው። ሰባት ፊደል፣ ሰባት ጥያቄ ምልክት። እንዲህ የሚባል ደንበኛ የላችሁም፣ ዜሮ ረድፍ። መፍትሔው አንዲት ፊደል ናት። ከጥቅሱ በፊት፣ ክፍተት ሳትተዪ፣ ትልቁን የላቲን ኤን ጻፊ። ያኔ ጽሑፉን በዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት የየራሳቸው ቁጥር በተሰጣቸው ገበታ ያነበዋል። ሶፍትዌሩ ደንበኛውን የሚያገኘው ስሙን በዩኒኮድ ስለሚልከው ነው። ስክሪኑ ላይ እየታየ ካንቺ ኩዌሪ የተሰወረውም ለዚህ ነው። ፖስትግሬስ ወይም ማይኤስኪውኤል በሚባሉት ሌሎች የዳታቤዝ ፕሮግራሞች ላይ ዳታቤዙና ግንኙነቱ በዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድን የማስቀመጫ ዘዴ) ከተዘጋጁ ይህ ጣጣ የለም።

አንድ ነገር ግን አረጋግጪ። ዳታው ራሱ ሲገባ ተበላሽቶ እንዳይሆን። ዓምዱ «ኤንቫርቻር»፣ ማለትም ዩኒኮድ ጽሑፍ የሚይዝ ዓይነት መሆን አለበት። ተራ «ቫርቻር» ከሆነና የዩቲኤፍ-8 ኮሌሽን (ፊደል የማስቀመጫና የማወዳደሪያ ደንብ) ካልተሰጠው፣ ስሙ ያኔውኑ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ተቀምጧል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይመልሰውም። «ዩኒኮድ» በሚባለው ፈንክሽን የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ቁጥር ጠይቂ። 63 ካለሽ የጥያቄ ምልክት ነው፣ ስሙ ጠፍቷል። ከ4608 ጀምሮ ያለ ቁጥር ከሰጠሽ ግዕዝ ነው፤ 4608 ራሷ ሀ ናት። አንቺ ስክሪን ላይ ስሙን በደንብ ስለምታዪው ይህ እንደማይሆን እገምታለሁ። ግን ማረጋገጡ ግማሽ ደቂቃ ነው።

ኤኗን ጨምረሽም ዜሮ ካለ፣ ችግሩ ከኮምፒውተሩ ወደ ፊደላችን ዞሯል ማለት ነው። ኃይለማርያምን የመዘገበው ሰው እንዴት ጻፈው? ኃይለማርያም? ሀይለማርያም? ሃይለማርያም? ኃይለ ማርያም ብሎ ለይቶ? ወይስ ኃ/ማርያም ብሎ አሳጥሮ? ለእኛ አንድ ሰው ነው። ለዳታቤዙ አምስት የተለያየ ሰው ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአነጋገራችን አንድ ድምፅ ሆነዋል። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። ዩኒኮድ ላይ ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ሰ 4656 ናት፣ ሠ 4640። ሰርቨሩ የሚያየው ቁጥሩን ነው። ፀሐይ የምትባል ደንበኛ በስንት ዓይነት እንደምትጻፍ ቁጠሪና ተመልከቺ።

እዚህ ላይ የማየው የተለመደ ስህተት አለ። አንዳንዱ ባለሙያ ስሞቹን ሁሉ በአንድ ፊደል አስተካክሎ ይገለብጣቸዋል። አይሆንም። ስም የሰው ነው። ደረሰኝ ላይ፣ ውል ላይ፣ ንግድ ፈቃድ ላይ የተጻፈው እንደተጻፈ መቆየት አለበት። ትክክለኛው መንገድ ከስሙ ጎን ሌላ የመፈለጊያ ዓምድ መክፈት ነው። እዚያ ውስጥ ሐ እና ኀን ከነሰባት ድምፃቸው ወደ ሀ ቤት፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ትመልሻለሽ። ሠላሳ አምስት ፊደል ነው። ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ። ክፍተቱን፣ ሁለት ነጥቡንና እዝባሩን ታወጫለሽ። ፈላጊው የሚጽፈውም በዚያው ወንፊት ማለፍ አለበት፤ አለበለዚያ ልፋቱ ከንቱ ነው። እንደ ኃ/ማርያም ያለውን አሕጽሮት ወንፊቱ አይፈታውም፤ ለዚህ የተለመዱትን ወ/፣ ገ/፣ ኃ/ እና ተ/ የሚዘረዝር ትንሽ ሠንጠረዥ መሥራት ያስፈልጋል። ይህ የሶፍትዌር አቅራቢያችሁ ሥራ ነው። ያንቺ ድርሻ መጠየቅ ነው። አማርኛ ስም የሚመዘግብ ማንኛውም ሶፍትዌር ይህ ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ፊደል ላይ ሳለን አንድ ፈጣን ፈተና። ኤኗን አስቀድመሽ 'ኃይሉ' ከ'ከበደ' ጋር እኩል ነው ወይ ብለሽ ሰርቨሩን ጠይቂው። አዎ ካለሽ የዳታቤዙ ኮሌሽን ግዕዝን ማወዳደር አያውቅም። ያኔ ችግርሽ ይገለበጣል፤ ያልፈለግሽው ሁሉ ይመጣል። በስሙ ውስጥ 100 ያለበትን አዲሱን ኮሌሽን፣ ወይም በፊደሉ ቁጥር ብቻ የሚያወዳድረውን ቢን2 የሚባለውን፣ ለዚያ ዓምድ መጠቀም ያስፈልጋል። የመፈለጊያ ዓምዱን ስትሠሩም ፊደል የሚተኩት በቢን2 ይሁን።

ለዛሬ ግን ቀላሉን መንገድ ልስጥሽ። በስም አትፈልጊ። ሶፍትዌሩን ክፈቺ፣ የኃይለማርያምን የደንበኛ ቁጥር እዪ፣ በቁጥሩ ፈልጊ። ቁጥር ፀጉር አይሰነጥቅም።

ቀኑ ጋ እንምጣ። '2025-07-07' ብለሽ እኩል ይሁን ስትዪ፣ ሰዓት ያልጻፍሽበት ስለሆነ ሰርቨሩ እኩለ ሌሊት ያደርገዋል። ዓምዱ ቀንና ሰዓትን አብሮ የሚይዘው «ዴትታይም» ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ደረሰኝ ሰዓት አለው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል የተቆረጠ ደረሰኝ እዚያ ውስጥ 09:30 ተብሎ ተቀምጧል። ያ ከእኩለ ሌሊት ጋር እኩል አይደለም። ልክ በእኩለ ሌሊት ካልሸጣችሁ በቀር መልሱ ሁሌም ዜሮ ነው። በእኔ ግምት የመጀመሪያው ኩዌሪሽ በስሙ ባይወድቅ እዚህ ይወድቅ ነበር። እንዲህ ጻፊው፦ ቀኑ ከ'20250707' ጀምሮ፣ ከ'20250708' በታች። «ከዚህ እስከዚያ» የሚለውን «ቢትዊን» አትጠቀሚ። ቢትዊን ለወሩ ሪፖርት እስከ ጁላይ 7 ስትዪው እኩለ ሌሊት ላይ ይቆማል። ሰኔ 30 ቀን ሙሉ የተሸጠው ይቀራል። ሰኔ 30 ደግሞ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ነው። ሰው ሁሉ ደረሰኝ ለማስቆረጥ የሚሯሯጥበት ቀን ከሪፖርት ሲጎድል ምን እንደሚመጣ ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንሽ አልነግርሽም።

ቀኑን ለምን ያለ ሰረዝ እንደጻፍኩት ልብ በይ። ስምንት አኃዝ፣ ምንም ምልክት የሌለበት። በሰረዝ ሲጻፍ ወደ ሰርቨሩ የምትገቢበት መለያ (ሎጊን) ቋንቋው ብሪቲሽ ኢንግሊሽ ከሆነ፣ አሮጌው ዴትታይም ወርና ቀኑን አገላብጦ ያነባል። ሰኔ 30 ላይ ይህ አይታወቅም፤ 07-07 ቢገለበጥም ያው ነው። ሰኔ 1 ግን ጁን 8 ናት። '2025-06-08' ሲገለበጥ ኦገስት 6 ይሆናል። አንቺ «ከጁን 8 እስከ ጁላይ 7» ስትዪ ሰርቨሩ «ከኦገስት 6 እስከ ጁላይ 7» ይሰማል። ወደ ኋላ የሚሄድ ጊዜ ውስጥ አንድም ረድፍ የለም። ሰርቨሩም «ይህ ነገር ተገልብጧል» አይልሽም።

አንዳንድ እዚሁ የተሠሩ ሶፍትዌሮች ደግሞ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጣሉ፤ '30/10/2017' እያሉ። ያንቺ እንደዚያ ከሆነ '2025' ብለሽ የምትፈልጊው ምንም ነገር አይገኝም። ይህን ጽሑፍ በኃይል ወደ ፈረንጅ ቀን የሚቀይር ኩዌሪ ካየሽ ተጠንቀቂ። ጥቅምት 29 እና 30 '29/02' እና '30/02' ተብለው ተጽፈዋል። በፈረንጅ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የለም፣ 29ም ያለው በየአራት ዓመቱ ነው። ጳጉሜን 13ኛ ወር ናት፤ እሷንም አያውቃትም። «ትራይ ኮንቨርት» የተባለው ፈንክሽን እንዲህ ያሉ የሌሉ ቀናትን ያለምንም ድምፅ ነል (ዋጋው የማይታወቅ) ያደርጋቸዋል። የጳጉሜን ሽያጭ በሙሉ ከሪፖርት ሲጠፋ አይቻለሁ። የቀሩት ቀናትም ቢሆኑ በሰባትና በስምንት ዓመት የተሳሳቱ የፈረንጅ ቀናት ናቸው። ልወጣው በትክክለኛ ሥሌት፣ በፈንክሽን መሠራት አለበት።

ሦስተኛው ጉድጓድ ቲን ቁጥሩ ነው። ቲን 10 አኃዝ ነው፣ ብዙዎቹም በ00 ይጀምራሉ። የደንበኞቻችሁ ዝርዝር አንድ ቀን በኤክሴል በኩል ከገባ፣ ኤክሴል ቁጥር መስሎት የፊቶቹን ዜሮዎች በልቷቸዋል። ሽያጭ ላይ 0012345678፣ ደንበኛ ላይ 12345678። ሁለቱም ዓምድ ጽሑፍ ከሆነ አይገናኙም። ሁለቱን ሠንጠረዥ የሚያገናኘው «ኢነር ጆይን» ደግሞ ጓደኛ ያላገኘውን ረድፍ ይጥላል። የቁጥሮቹን ርዝመት በ«ሌን» አስቆጥሪ። ከ10 ያነሰ ካለ አገኘሽው። ከድረ ገጽ ወይም ከኤክሴል የተገለበጠ ከሆነ መጨረሻው ላይ የማይታይ ክፍተትም ሊኖር ይችላል። በዩኒኮድ ቁጥሩ 160 የሆነው ክፍተት ዳርና ዳር ያለ ክፍተት በሚያነሳው በተራው «ትሪም» አይወጣም፣ ፊደል በሚተካው በ«ሪፕሌስ» ነው የሚወጣው።

አሁን ሁለተኛው ኩዌሪሽ። «ቲን ቁጥራቸው በሰኔ ከገዙት መካከል ያልሆነ ደንበኞች» ብለሽ በ«ኖት ኢን» ጽፈሽዋል። ይህ ኩዌሪ ዜሮ ማለቱ አንድ ደግ ነገር ይነግረኛል። የሰኔ ገዢዎች ዝርዝር ባዶ ቢሆን ኖሮ ደንበኞችሽ ሁሉ «አልገዙም» ተብለው ይወጡ ነበር። አልወጡም። ስለዚህ ዝርዝሩ ውስጥ ሰው አለ፤ ሰርቨርሽ ቀኑን አልገለበጠውም።

ታዲያ ዜሮው ከየት መጣ? በእጅ በእጅ ከፍሎ ከሄደ ገዢ ነው። አንድ ሰው መጣ፣ ሁለት ኪሎ ሚስማር ገዛ፣ ቲን የለውም። ረድፉ ላይ የቲን ቦታ ነል ሆነ። ነል ዜሮ አይደለም፣ ባዶ ጽሑፍም አይደለም። «አላውቅም» ማለት ነው። አሁን ሰርቨሩ እንዴት እንደሚያስብ ተከተዪ። የሰኔ ገዢዎች ዝርዝር 3፣ 8 እና «አላውቅም» ነው እንበል። ደንበኛ 15 እዚህ ውስጥ የለም ወይ? ከ3 ይለያል። ከ8 ይለያል። ከማይታወቀውስ? ምናልባት ያ የማይታወቀው ራሱ 15 ቢሆንስ? ሰርቨሩ «እርግጠኛ አይደለሁም» ይላል። የኩዌሪው ማጣሪያ «ዌር» ደግሞ እርግጠኛ እውነት የሆነውን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። 15 ወደቀ። 16ም፣ 17ም በዚያው ምክንያት ይወድቃሉ። አንዲት የሚስማር ደረሰኝ የደንበኞችሽን ዝርዝር በሙሉ ታጠፋለች። ሰርቨሩን አትቆጪው፤ በገባው ሕግ ነው የሠራው።

መፍትሔው «ኖት ኤግዚስትስ» ነው። «ለዚህ ደንበኛ ቲን በሰኔ የተጻፈ ደረሰኝ የማይገኝለትን አምጣ» ብለሽ ጻፊው። እሱ በነል አይደናገርም። በነገራችን ላይ ነልን ራሱን ስትፈልጊ «= ነል» አትበዪ፤ እሱም ሁሌ ዜሮ ነው። «ኢዝ ነል» ነው የሚባለው።

ይህን ስታስተካክዪ ዝርዝሩ ይሞላል። ግን ወዲያው ለሥራ አስኪያጅሽ አትስጪያቸው። ቲኑ ዜሮ የጎደለበት ደንበኛ በሰኔ መቶ ሺህ ብር ቢገዛም «አልገዛም» ተብሎ ይወጣል። ቢትዊን ከተጠቀምሽ ሰኔ 30 ቀን ብቻ የገዛ ደንበኛም እዚያው ይገኛል። ለእነዚህ ሰዎች «ምነው ጠፋችሁ» ተብሎ ቢደወል ቅር ይላቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቲኑን፣ ከዚያ ቀኑን፣ ከዚያ ኖት ኤግዚስትሱን። ከወጣው ዝርዝር አምስት ደንበኛ ምረጪና ሶፍትዌሩ ላይ አንድ በአንድ አመሳክሪ።

አንድ የቀረ ነገር፣ አጭር ነው። ሶፍትዌሩ ያልጸደቀና የተሰረዘ ደረሰኝን በሁኔታ ዓምድ ይለያል። ኩዌሪሽ ውስጥ ያን ዓምድ አልጠቀስሽም፤ ስለዚህ ለዜሮው ምክንያት አይደለም። ግን ካልጠቀስሽው የተሰረዘ ደረሰኝም እንደ ሽያጭ ይቆጠራል። የትኛው ቃል ለየትኛው ሁኔታ እንደሆነ በግምት አትጻፊ። የዓምዱን ልዩ ልዩ ዋጋዎች በ«ዲስቲንክት» አውጥተሽ እዪ።

እነዚህን ቆጠራዎች ሠርተሽ አራቱን ቁጥሮች ላኪልኝ፦ ሽያጩ ብቻ፣ ጆይኑ ሲጨመር፣ ስሙ ከነኤኗ ሲጨመር፣ ቀኑ ሲጨመር። የቀኑ ዓምድ ዓይነት «ዴት» ይሁን «ዴትታይም» ወይም ጽሑፍ፣ እሱንም ጻፊልኝ። የደንበኞችን ስምና ቲን ግን አትላኪ፤ ቁጥሮቹ ይበቁኛል።